ክር የማይሰማው ጣት

ካምፓላ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት ሆኖኛል። ባለቤቴ ዮናስ ዋንዴገያ ውስጥ ስልክ የሚጠግንባት ትንሽ ሱቅ አለችው። የምንኖረው ኪቡሊ፣ ከመስጊዱ ቁልቁል ባለው ሰፈር ነው። ሜሮን የምትባል አንዲት ልጅ አለችን፤ ይህ ነገር ሲጀምረኝ ሰባት ዓመቷ ነበር። የራሴን ስም ግን አልጽፍም። አፍሬ አይደለም፤ ልጄ ገና ተማሪ ናት፣ ልጆች ደግሞ ክፉ ቃል ቶሎ ይማራሉ። የበሽታውንም ስም ቆይቼ እናገረዋለሁ። አሁን ብናገረው ብዙ ሰው እዚህ ላይ ማንበቡን ያቆማል።

በ2020 ኮሮና ሲገባ አገሩ ሁሉ ተዘጋ። ታክሲ ቆመ፣ ቦዳ የሚሉት የሞተር ታክሲ ሰው እንዳይጭን ተከለከለ፣ የዮናስ ሱቅም ተዘጋ። እናቱ እማማ ዘነቡ ለሁለት ወር ሊጠይቁን ከአዲስ አበባ መጥተው ነበርና በረራ ሲቋረጥ እኛው ጋ ቀሩ። በዚያው ሰሞን ጎረቤታችን የነበረ ቤተሰብ ጠቅልሎ ወደ አገሩ ሲገባ ባለ ስድስት ወንበር የምግብ ጠረጴዛ ገዛን። እስከዚያ ድረስ ሶፋ ላይ ሆነን ትሪ ከበን ነበር የምንበላው። ጠረጴዛው ሳሎኑን ሞላው፤ ባዶውን ሲታይ ግን የቢሮ ዕቃ ይመስላል። ስለዚህ ለየወንበሩ አንድ፣ ሳህን የሚቀመጥበት ዳንቴል ልሠራለት ተነሣሁ። ነጭ ክር ነበረኝ፣ ኪሮሼም ከአገር ቤት አብሮኝ የመጣ ነው።

እማማ ዘነቡ ሶፋው ላይ ሆነው ያሾፉብኛል።

“ለአንድ ትሪ ስድስት ዳንቴል ምን ይሠራል?”

“እንግዳ ሲመጣ በየሳህኑ እናቀርባለን፣ እማማ።”

“በዚህ በሽታ ማን ሊመጣ ነው?”

ዳንቴል የሚሠራ ሰው ያውቀዋል፤ ኪሮሹን የሚይዘው ቀኝ እጅ ቢሆንም ሥራውን የሚመራው ግራው ነው። ክሩ በግራ እጅ ትንሿ ጣት ላይ አንዴ ይጠመጠምና በሌሎቹ ስር ያልፋል። ያቺ ጣት ስትለቀው ክሩ ይላላል፣ ስትይዘው ይጠብቃል። እኔ ወጥ እየጠበቅሁ፣ ሜሮንን የቤት ሥራ እያሠራሁ፣ ከእማማ ጋር እያወራሁ ሳላይ እሠራ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በሁለት ሳምንት አለቁ፣ ጠረጴዛው ላይም እንደ ወረቀት ተኙ።

ሦስተኛው ግን አልተኛም። ጠርዙ ተነሣ፣ መሐሉ ጎደጎደ። አንዱ ዙር ልል፣ አንዱ ዙር ጥብቅ። ፈታሁት፣ እንደገና ጀመርኩት፤ ያው ሆነ።

“ልጄ፣ ይሄኛው ምነው አኮረፈ?” አሉኝ እማማ። ሣቅሁ። ክሩ ሌላ ዓይነት ነው አልኳቸው፤ ክሩ ግን ያው ክር ነበር።

ከዚያ በፊት ሌላ ምልክት ነበረ፤ አልቆጠርኩትም እንጂ። በግራ ክንዴ ላይ፣ ከክርኔ ዝቅ ብሎ፣ ከቆዳዬ ነጣ ያለ፣ ደረቅ ያለ ቦታ ወጥቶ ነበር። ከሳንቲም አይበልጥም። የሰፈራችን ፋርማሲ ያለችው ልጅ በማስክዋ ላይ አየት አድርጋ “ፈንገስ ነው” አለችኝ፤ እኛ ቋቁቻ የምንለው። ቅባቱን ሦስት ወር ተቀባሁ። አልጠፋም፣ ግን አያምም፣ አያሳክክም። የማያምም ነገር ደግሞ ማንን ያስቸኩላል?

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ አራተኛውን እየሠራሁ ሳለ ሜሮን አጠገቤ ቆማ “ማሚ፣ ቀዩን ክር ከየት አመጣሽው?” አለችኝ። ጎንበስ ብዬ ሳይ ነጩ ዳንቴል ላይ ደም አለ። የዳር ዳሩ ሁለት ዙር በደም ርሷል። ክሩ ትንሿን ጣቴን ከሥር ሰንጥቆ ገብቶ ኖሯል፣ እኔ ግን እየሳብኩት ነበር። ምንም አልተሰማኝም። ልጄን ላለማስደንገጥ እጄን ቀሚሴ ውስጥ ሸሸግሁና ማጠቢያው ጋ ሄጄ ቁስሉን በጥፍሬ ነካሁት። እንደ ሌላ ሰው ሥጋ ነበር።

ትራንስፖርቱ ሲከፈት ክሊኒክ ሄድኩ። አግዳሚ ወንበሮቹ ላይ በፕላስተር ኤክስ ተለጥፎባቸው፣ ሰው አንድ እየዘለለ ተቀምጦ፣ ማንም ማንንም አያይም። የሚያስል ሰው ሲኖር ሁላችንም እንነሣለን። ዶክተሩ ወጣት ነው፤ ምን ሥራ እንደምሠራ ጠየቀኝ። ዳንቴል ስለው ፊቱ በራ።

“አገኘነው! እጅሽን አድክመሽው ነርቩ ተጨቁኖ ነው። ሥራውን አቁሚ፣ ቫይታሚን እጽፍልሻለሁ።”

ክንዴን እንኳ አልገለጠም። እኔም አልገለጥኩለትም፤ ቋቁቻውን ከጣቴ ጋር ማን አገናኝቶት! ዳንቴሉን በፌስታል ጠቅልዬ ቁም ሣጥን ላይ ሰቀልኩት። ለወራት አልነካሁትም። እጄ ግን እያረፈ ባሰበት።

ሁለተኛው ክሊኒክ ስኳር ነው ብሎ ጠረጠረ፤ ተመረመርኩ፣ የለብኝም። ሦስተኛው ጋ አንዲት ሴት ሐኪም ስለ ቤቴ ብዙ ከጠየቀችኝ በኋላ “ጭንቀት ነው፣ በዚህ ጊዜ ብዙ ሰው እንዲህ ይሆናል” አለችኝ። ያቺን ሰዓት ማመን ፈልጌ ነበር። ወደ ቤት ስመለስ ቦዳው ላይ ሆኜ ጣቶቼን ለመዘርጋት ሞከርኩ። ትንሿና የቀለበቴ ጣት ወደ ውስጥ ታጥፈው ቀሩ።

በ2021 አጋማሽ አገሩ ለሁለተኛ ጊዜ ተዘጋ። በዚያ ጊዜ ደግሞ ሕመም የሚባለው መጣ፤ ከክርኔ ተነሥቶ እስከ እጄ ጫፍ እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝረኛል። የሚገርመው ጣቴ ሲቆረጥ አይሰማኝም፣ ክርኔ ጠረጴዛ ሲነካ ግን እጮኻለሁ። ከሲጊሪው፣ ከከሰል ምድጃችን ላይ፣ ድስት ሳወርድ የእጄ ዳር ተቃጥሎ ውሃ ቋጠረ፤ ያየሁት እህል ስለቅም ነው። ዮናስም ሰለቸ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ሱቁ ተዘግቷል፣ ልጅቷ ትምህርት የላትም፣ እኔ ደግሞ በየቀኑ አንድ ዕቃ እሰብራለሁ።

“ሦስት ሐኪም ምንም የለም ካለሽ ምን ላድርግሽ?” አለኝ አንድ ቀን።

“ምንም የለም አላሉኝም። አላወቁትም እንጂ።”

“እኔስ አውቀዋለሁ?”

ከዚያ በኋላ ስለ እጄ ለእሱ መናገር ተውኩ። ሜሮን ሳታየኝ ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስ ነበር። ጣቶቼ አንድ በአንድ እያለፉ እንደሚሄዱ፣ ከዚያ እግሬ፣ ከዚያ ሌላው እንደሚቀጥል እርግጠኛ ሆኜ ነበር።

ያዳነችኝ ላብራቶሪ ውስጥ ደም የምትቀዳ ነርስ ናት። ለሌላ ምርመራ ሄጄ ክንዴ ላይ ላስቲኩን ስታስር እጇ ቆመ። ያንን ነጣ ያለ ቦታ በመርፌው ክዳን ነካ ነካ አደረገችው።

“ኛቦ፣ ይሄ ይሰማሻል?” አለችኝ፤ ኛቦ እዚህ አገር እመቤት ማለት ነው።

“የቱ?”

ደሙን ሳትቀዳ ላስቲኩን ፈታችው። ቁራጭ ወረቀት ላይ የአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የቆዳ ክፍል ስምና ቀኑን ጻፈችልኝ። “ነገ ሂጂ። ሳምንት አትቆዪ” አለችኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቃት “እኔ ነርስ ነኝ፣ እነሱ ይንገሩሽ” አለች። ስሟን እንኳ አልጠየቅኋትም።

የቆዳ ክፍሉ በረንዳ ላይ ከጠዋት ጀምሮ ተቀመጥኩ። ከጎኔ ሕፃን የታቀፈች ሴት ነበረች፤ ልጁ ሲተኛ ትከሻዬ ላይ ራሱን ጣለ፣ እሷም አላነሣችውም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ ያ የልጅ ክብደት አጽናናኝ።

ሐኪሙ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። የጥጥ ጫፍ እንደ ክር አሹሎ “ዐይንሽን ጨፍኚና የነካሁሽን ቦታ በጣትሽ አሳዪኝ” አለኝ። ግንባሬን ነካኝ፤ አሳየሁት። ቀኝ እጄን ነካኝ፤ አሳየሁት። ከዚያ ዝም አለ። ጨፍኜ ጠበቅሁ።

“አልጀመሩም እንዴ?” አልኩት።

“አራት ጊዜ ነካሁሽ” አለኝ።

ክርኔን አጥፎ ከአጥንቱ ኋላ ያለውን ነርቭ በጣቱ ሲዳስሰው ጮህኩ። እንደ ገመድ ወፍሯል አለ። ከዚያ ተቀምጦ በእንግሊዝኛ አስረዳኝ። በሽታው ከጀርም የሚመጣ ነው፤ ሰውነት ውስጥ ዓመታት ተደብቆ ይቆያል፤ ቆዳና ነርቭ ይጎዳል። በቀላሉ አይተላለፍም፤ የአብዛኛው ሰው ሰውነት ራሱ ያሸንፈዋል፤ መድኃኒት የጀመረ ሰው ደግሞ አያስተላልፍም። የስድስት ወር ኪኒን አለው፣ በነፃ ነው፣ ይድናል። ስሙ ሌፕረሲ ይባላል አለኝ። እኔ “ይድናል” የምትለዋን ይዤ አመስግኜው ወጣሁ። ስሙን የሰማሁት መሰለኝ እንጂ ምን እንደሆነ አላወቅሁም።

በረንዳው ላይ ስልኬን አውጥቼ ቃሉን ወደ አማርኛ እንዲመልስልኝ ጻፍኩ። ሥጋ ደዌ።

ፊደሎቹን ደጋግሜ አየኋቸው። ልጅ ሆኜ በዓል በመጣ ቁጥር ያየኋቸው፣ ጨርቅ የተጠቀለሉ እጆች መጡብኝ። የሰው ልጅ ትከሻዬ ላይ ተኝቶ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሳላንኳኳ ተመልሼ ገባሁ። ሌላ ታካሚ ተቀምጦ ነበር።

“ይድናል ያሉኝ ይሄንን ነው?” ብዬ ስልኩን ፊቱ ላይ ያዝኩት፤ አማርኛ መሆኑን ረስቼ።

ፊደሉን አያነብም፤ ፊቴን ግን አነበበ። ተነሥቶ ያንን የታጠፈ ግራ እጄን በባዶ እጁ ያዘኝ። ሰው በክርኑ ሰላም በሚባባልበት ጊዜ ነው ይሄ። ለረጅም ጊዜ አልለቀቀኝም።

“ይሄንኑ ነው” አለኝ።

ከዚያ በቀጥታ ዋንዴገያ ሄድኩ። ዮናስ አንድ ስልክ ፈትቶ ብሎኖቹን በክዳን ላይ ደርድሮ ነበር። ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነገርኩት። መፍቻውን አስቀመጠ።

“ሜሮንስ?”

“ትመርመር ተብሏል። ሁላችሁም።”

“ለሰው ተናግረሻል?”

“ለማንም።”

ስለ እጄ እስኪጠይቀኝ ጠበቅሁ። ደንበኛ ገባ።

ሦስቱም ተመረመሩ፣ ሁሉም ነፃ ናቸው፤ ለመከላከያ የምትሆን አንዴ የምትዋጥ መድኃኒት ሰጧቸው። ለእማማ ዘነቡ የነርቭ በሽታ ነው ብለን ነበር። በማግሥቱ ዮናስ ከናካሴሮ ገበያ ሲመለስ በፌስታል አንድ ሰማያዊ ሳህን፣ አንድ ሰማያዊ ኩባያና ማንኪያ ይዞ መጣ። ጠረጴዛው ጫፍ ላይ፣ ከሁሉም ርቆ ባለው ወንበር ፊት፣ ከዳንቴሎቹ አንዱ ላይ አስቀመጠው።

“ለጊዜው ነው” አለኝ፣ ሳያየኝ።

“ሐኪሙ የነገረንን ሰምተሃል።”

“ሰምቻለሁ። ለጊዜው ነው አልኩ።”

አንድ ሳምንት በዚያ ሳህን በላሁ። እነሱ ከትሪው፣ እኔ ከሰማያዊው። ዮናስ ሶፋው ላይ መተኛት ጀመረ። ሜሮን ለምን የማሚ ሳህን እንደተለየ ትጠይቃለች። እማማ ዘነቡ ግን ሳይጠይቁ ያያሉ።

በስምንተኛው ቀን ምሳ ላይ እማማ ትሪውን ከልጃቸው ፊት አነሡ። እየተንገዳገዱ ይዘውት መጡና እኔ ፊት አስቀመጡት፤ ሰማያዊውን ሳህን ገፍተው። ወንበር ስበው አጠገቤ ተቀመጡ።

“የነርቭ ነው አላችሁኝ” አሉ። “እኔ ይሄን በሽታ የማላውቀው መስሏችሁ ነው? ታላቅ ወንድሜን ይዞት ነበር። ከቤታችን ኋላ ጎጆ ተሠራለት። ምግቡን በቅል አድርጌ ደጃፉ ላይ አስቀምጬ የምሮጠው እኔ ነበርኩ፤ የዚችን ልጅ ያክላለሁ። እየሮጥኩ ሲጠራኝ እሰማዋለሁ። አንድ ቀን ቅሉ ሳይነካ ቆየኝ። ወዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አናውቅም።”

“እማዬ፣ ይተዉት” አለ ዮናስ።

“አልተውም። ያኔ መድኃኒት የለም፣ አናውቅም ነበር። አንተ ግን ሐኪም ቁጭ አድርጎ ነግሮሃል። ምን ልትል ነው?” ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። “አለማየሁ ነበር ስሙ። በአፌ ጠርቼው አላውቅም።”

እንጀራውን ቆርሰው አጎረሱኝ። እሳቸውም ፈርተው ነበር፣ ያንን አየሁ። ፈርተውም አጎረሱኝ። ዮናስ ተነሥቶ ወጣ። ሲመለስ መሽቶ ነበር፤ ሰማያዊው ሳህን በማግሥቱ ከቤት ጠፋ። ይቅርታ አልጠየቀኝም። ወደ አልጋችን የተመለሰው ደግሞ ከወር በኋላ ነው። ይህን የምጽፈው እሱ አንብቦት፣ ይጻፍ ብሎኝ ነው።

ሕክምናው ቀላል ነበር አልልም። በወር አንድ ቀን እዚያው ሐኪሙ ፊት የሚዋጠው መድኃኒት ሽንቴን ቀይ አደረገው፤ አስቀድመው ባይነግሩኝ ኖሮ ደም ነው ብዬ እሞት ነበር። ሌላው ኪኒን ቆዳዬን አጠቆረው፣ አደረቀው። ለነርቩ እብጠት የሰጡኝ መድኃኒት ፊቴን ነፋው፤ መስተዋት ሸፈንኩ። ጣቶቼን በዘይት እያሸሁ በቀን ሦስት ጊዜ በሌላው እጄ እዘረጋቸዋለሁ። የሆስፒታሉ ሠራተኛ ያሳየችኝን እንቅስቃሴ እማማ ዘነቡ ከእኔ በላይ ያውቁታል፤ እንደ አስተማሪ ይቆጥሩልኛል። በረራው ከተከፈተ ቆይቶ ነበር፣ አገር ቤት ግን አልገቡም። “ኪኒንሽን ስትጨርሺ” ይሉኛል።

ወሬው ግን ወጣ። ዮናስ ለአንድ ጓደኛው ነግሮ ኖሯል። ከመታመሜ በፊት ለአንዲት የምግብ ቤት ባለቤት የጠረጴዛ ዳንቴሎች ሠርቼላት ነበር፤ አንድ ጠዋት ባለ ቦዳ በፌስታል መልሶ አመጣልኝ። ሁሉም ታጥበው፣ ተተኩሰው፣ በረኪና ይሸታሉ። ማስታወሻ የለውም። በዚያ ቀን ከአልጋዬ አልተነሣሁም። ከአገራችን ልጆች ጋር በየተራ የምናዘጋጀው ማኅበርም ተራዬ ሲደርስ እኔን ዘሎ ሄደ። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፤ ዝም ብለው ዘለሉኝ።

በ2022 መጀመሪያ ላይ የመጨረሻዋን ኪኒን ዋጥኩ። ሐኪሙ መዝገቡ ላይ “ጨርሳለች” ብሎ ጻፈ። የክርኔ ሕመም ጠፍቷል። የቀለበት ጣቴ ተዘርግቷል። ትንሿ ግን ጎበጥ እንዳለች ቀረች፣ አይሰማትምም፤ ከእንግዲህም አይሰማትም ተብያለሁ። ቀድሜ መጥቼ ቢሆን ኖሮ ትድን ነበር ወይ ብዬ ስጠይቀው ሐኪሙ አልዋሸኝም። አሁን ዳንቴል ስሠራ ክሩን በጠቋሚ ጣቴ ነው የማስኬደው፤ ዐይኔን ከእጄ አልነቅልም፣ ሰውም እያወራኝ አልሠራም። ድሮ በሳምንት የምጨርሰው አንዱ ከወር በላይ ፈጀብኝ፤ ስድስቱ ሞሉ። ደም የነካውን ፈትቼ ክሩን ጣልኩት። እማማ ዘነቡ ስድስተኛውን አይተው አገራቸው ገቡ።

ይህን ለመጻፍ ያስነሣኝ ግን የእኔ እጅ አይደለም። ካገገምኩ በኋላ አንዲት የአገሬ ልጅ ደወለችልኝ። “ስልክሽን ማን እንደሰጠኝ አትጠይቂኝ” አለች። ቤቴ መጣች፣ በሩን ራሷ ዘጋችው፣ ቀሚሷን ከጉልበቷ በላይ ሰበሰበች። እግሯ ላይ ነጣ ያለ ቦታ፣ መሐሉ ላይ የካውያ ጠባሳ ነበረ። እንዴት እንደተቃጠለች አታውቅም። አብረን አለቀስን። ሰኞ ጠዋት ታክሲ ተራው ጋ ልንገናኝ ተቃጠርን። እስከ ምሳ ሰዓት ቆሜ ጠበቅኋት። ስልኳ ተዘግቷል። በሳምንቱ ቤቷ ሄድኩ። በሩን አልከፈተችልኝም። “ጠፍቶልኛል፣ ምንም የለብኝም፣ ሁለተኛ እዚህ እንዳትመጪ፣ ባሌ ይሰማል” አለችኝ በሹክሹክታ። ከብረት በሩ ስር እግሮቿ ይታዩኝ ነበር፤ አንደኛውን መሬት ላይ እየጎተተች ወደ ውስጥ ሄደች።

እህቴ፣ አንቺ እንደሆንሽ ታውቂያለሽ። የዚያ ክፍል በር ላይ “ቆዳ” ነው የተጻፈው፤ ሌላ ቃል የለበትም። ስምሽን ለመዝገብ ይጠይቁሻል እንጂ ለማንም አይነግሩብሽም። ሴንቴ አይጠይቁሽም፤ ሁሉም በነፃ ነው። ብቻሽን መሄድ ካስፈራሽ ስልኬ ያው ነው፣ ቀን ምረጪ፣ እመጣለሁ። በፊትሽ ሳልሄድ፣ ከጎንሽም ሳልቀመጥ፣ ሦስት ሰው ራቅ ብዬ እጠብቅሻለሁ፤ ማንም የምንተዋወቅ አይመስለውም። ነገ ሂጂ። ሳምንት አትቆዪ።